በዳዊቱ መጨረሻ የተፋቀው ስም



ባለፈው የወር ስብሰባ ላይ ስለ ቤተሰባችን የመጻሕፍት ሳጥን ስናወራ «ጻፉትና ሁላችንም እናንብበው» ስላላችሁን ይህን ጽሑፍ አቅርበናል። እኛ የአንዲት እናት ልጆች፣ ሦስት እኅትማማቾች ነን። ሁለታችን ሱፍ እየፈተልን፣ አንዳችን ልጆች እያስተማርን የምንኖር ነን። የታሪክ ምሁራን አይደለንም። ያየነውን፣ የተነበበልንንና ከዚያ ወዲህ ፈልገን ያገኘነውን ነው የምንነግራችሁ።

የነገሩ መነሻ የቤት ጣሪያ ነው። የእናታችን ታላቅ እኅት፣ እታባ የምንላቸው፣ መንዝ ማማ ምድር ከሞላሌ ወጣ ብሎ ይኖራሉ። አምና ክረምቱ ሲበረታ ቆርቆሯቸው አፈሰሰ። በዚያው ሰሞን ከከተማ የመጣ አንድ ነጋዴ «አሮጌ የብራና መጽሐፍ ካለ እገዛለሁ» እያለ በየመንደሩ ይዞር ነበርና ዳዊታቸውን አይቶ ዋጋ ጠራላቸው። የጠራው ገንዘብ ጣሪያውን አስጠግኖ ይተርፋል። እታባ ግን እሺም እንቢም ሳይሉ ላኩብን፤ «ከመስጠቴ በፊት እናንተም እዩት፤ ኋላ እንዳትወቅሱኝ» አሉን።

ተነሥተን ሄድን። ከደብረ ብርሃን አልፈን፣ ጣርማበር ላይ ወደ መሐል ሜዳ በሚገነጠለው መንገድ ገብተን፣ ብርዱ አጥንት እየዘለቀን ደረስን። መንገድ ላይ ሁለታችን ይሸጥ፣ አንዳችን አይሸጥ እያልን ስንከራከር ነበር። የሚሸጠውም የማይሸጠውም ምን እንደሆነ ግን አንዳችንም አናውቅም ነበር።

ሳጥኑ ውስጥ የነበረው

ሳጥኑ ከእታባ መደብ ራስጌ፣ ከእህሉ ጎታ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ስንከፍተው አምስት ነገር አገኘን። አንደኛው በቁራጭ ባና የተጠቀለለ የብራና ዳዊት ነው፤ የእንጨት ገበታው ተሰንጥቆ በጅማት ተሰፍቷል፣ ማኅደሩ በእጅ ብዛት ጠቁሯል። ሁለተኛው መጀመሪያውና መጨረሻው የጎደለ ትንሽ ድርሳነ ሚካኤል ነው። ሦስተኛው ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. ያሳተሙት «የሕይወት ታሪክ» ነው፤ ሽፋኑ ወልቋል። አራተኛው አያታችን በእርሳስ የጻፉበት የተማሪ ደብተር ነው። አምስተኛው የእታባ የራሳቸው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው።

ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማ ያደግነው ዳዊቱ የአያታችን አያት የነበሩት ደብተራ መጽሐፍ መሆኑን ነው። እሳቸው ጽፈውት፣ እሳቸው ደግመውት፣ ለልጅ ልጅ አወረሱት ይባላል። በቤተሰባችን ሠርግና ልቅሶ ላይ ሲወሳ የኖረው የሳቸው ስም ነው።

በማግሥቱ በአጥቢያው የሚያስተምሩ አንድ መሪጌታን ለምነን አስነበብናቸው። መሪጌታው ዳዊቱን ከመጀመሪያው አልጀመሩም። መቶ ኀምሳ አንዱን መዝሙር፣ የነቢያትን ጸሎት፣ መኃልየ መኃልይንና ውዳሴ ማርያምን አልፈው የመጨረሻውን ቅጠል ገለጡ። «የመጽሐፍ ባለቤት የሚጻፈው እዚህ ነው» አሉን። እዚያ ላይ መጽሐፉ በስንት አሞሌ ጨው እንደተጻፈ፣ ከባለቤቱ ሞት በኋላ ለማን እንደሚሆን ተጽፏል። ከሥሩ በየመጽሐፉ እንደተለመደው የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ቃል አለ።

መሪጌታው ግን ስሙ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ብራናውን በጣታቸው ዳሰሱት። «ይህ ቦታ ተፍቋል» አሉ። እውነትም እዚያ ላይ ብራናው ሳስቶ ሻክሯል። የደብተራው ስም የተጻፈው በሌላ ቀለምና በሌላ እጅ ነው። ቀጥለው ከስሙ አጠገብ ያለውን የግዕዝ ቃል አሳዩን፤ «አጽሐፈት» ይላል። ወንድ ቢሆን «አጽሐፈ» ነበር የሚባለው። «የፋቀው ሰው ስሙን ለወጠ እንጂ ግሱን ረሳው፤ ይህን ዳዊት ያጻፈች ሴት ናት» አሉን።

የፋቀ የተወገዘ ይሁን ከሚለው ቃል በላይ የተፋቀ ስም! እታባ አማተቡ። ያን ቀን ስለ ዋጋ የተናገረ ሰው አልነበረም።

ዘር የሚቆጠረው ለምን ነበር?

መሪጌታው ከሄዱ በኋላ የአያታችንን የተማሪ ደብተር ከፈትን። ውስጡ ከገጽ እስከ ገጽ የዘር ቆጠራ ነው። «እገሌ የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የእገሌ ልጅ» እያለ እስከ አቅኚው አባት ይወጣል። በልጅነታችን አያታችን ይህን በቃላቸው ሲወርዱት ሰምተን ጨዋታ ይመስለን ነበር። ለሳቸው ግን የእንጀራ ጉዳይ ነበር።

በአገራችን የርስት ሥርዓት መሬት የሚገኘው በዘር ነበር። አንድ ሰው በአንድ አቅኚ አባት ስም በሚጠራ መሬት ላይ ድርሻ አለኝ ካለ ከዚያ አባት መወለዱን ቆጥሮ ማሳየት ነበረበት። ሰው ሲከራከር ሽማግሌ ፊት ወይም ዳኛ ፊት ቆሞ ዘሩን ያወርዳል፤ ባላጋራውም አንዲቷን ትውልድ «አልተወለደም» ብሎ ከበጠሰበት ክርክሩ ይወድቃል። ስለዚህ የዘር ቆጠራ የቤት ማስረጃ ነበር። ዘር የሚያውቅ ሽማግሌ እንደ ሰነድ ይፈለግ ነበር።

መንዝ ውስጥ ለሣር እንኳ ዘር ይቆጠር ነበር። በመንዝ ጌራ ያለውን የጓሳ ምድር አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቤት የሚከደንበት ጓሳ ሣር የሚታጨድበት፣ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ደጋ ነው። ይህን ምድር ሕዝቡ ለብዙ መቶ ዓመታት በጋራ ሲጠብቀው ኖሯል። ባለ መብት የሚባሉት አስቦና ጌራ ከተባሉት ሁለት አቅኚ አባቶች የሚወለዱት ነበሩ። የተመረጡ አለቆች ሣሩ እስኪያድግ ምድሩን ይዘጉታል፣ ጊዜው ሲደርስ ይከፍቱታል፤ ሳይፈቀድለት ያጨደ ይቀጣል። እንግዲህ ጣሪያውን የሚከድነው ሰው የማን ልጅ እንደሆነ ማወቅ ነበረበት ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ርስት የሚቆጠረው በአባት ብቻ አልነበረም፤ በእናትም ይቆጠራል። ሴት ልጅም ትወርሳለች፣ ለልጆቿም ታወርሳለች። ሰው በአባቱ በኩል በአንድ አገር፣ በእናቱ በኩል በሌላ አገር ርስት ሊኖረው የቻለው በዚህ ነው። ዘመዳሞች እንዳይጋቡ እስከ ሰባት ቤት ሲቆጠርም በእናትም በአባትም ነው። ሆኖም ማማ፣ ላሎ፣ ጌራ እየተባለ የምድሩ ስም ሲጠራ፣ አቅኚዎቹ ሲዘከሩ፣ ስሙ የአባት ነው። መሬቱ በእናት ያልፋል፣ ስሙ ግን በአባት ይቀራል።

በአያታችን ደብተር ውስጥም ይኸው ነው። ከራሳቸው ተነሥተው አባታቸውን፣ ከዚያ አያታቸውን ደብተራውን ይጽፋሉ። ቀጥሎ ያለው አራተኛው ስም ግን የሴት ስም ነው። በስተጎኑ በትንሽ ጽሕፈት «በእናት» ተብሏል። ከሷ በላይ እንደገና ወንድ፣ ወንድ፣ ወንድ እያለ እስከ አቅኚው ይሄዳል። አያታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ የተሟገቱለት ርስት የመጣው በደብተራው እናት በኩል ነው ማለት ነው። ይህን ማንም ነግሮን አያውቅም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ የርስት ክርክር አበቃ። የአያታችን ደብተርም ከዚያ በኋላ አንድ መስመር አልተጨመረበትም። ለብዙ ጭሰኛ አዋጁ ነጻነት ነበር፤ የዘር ቆጠራው ግን አብሮ ሥራ ፈታ። ሽማግሌዎቹ የሚጠይቃቸው ሲያጡ የሚያውቁትን ይዘው ሄዱ።

በትልቁ ቤትም እንዲሁ ነው

ይህ በድሃ ቤት ብቻ የሚሆን እንዳይመስላችሁ፣ ከመንዝ የወጣውን ትልቁን ቤት እንይ።

የሸዋ መሳፍንት ዘራቸውን የሚጀምሩት በአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመን ከመንዝ አጋንቻ ከተነሡት ከነጋሲ ክርስቶስ ነው። ነጋሲም በዐፄ ልብነ ድንግል ልጅ በያዕቆብ በኩል ከነገሥታቱ ይወለዳሉ ይባላል። በግራኝ ዘመን ያዕቆብ በመንዝ ተሸሸገ፣ ዘሩም እዚያው ቀረ የሚለው ነው ትውፊቱ። ከያዕቆብ እስከ ነጋሲ ያለውን የትውልድ ሐረግ ግን ተራኪዎች አንድ አድርገው አይቆጥሩትም፤ አንዱ በአባት ያወርደዋል፣ ሌላው በእናት። የዙፋን ዘር እንኳ አንድ ቋጠሮው ላይ አከራካሪ ነው።

ከነጋሲ በኋላ ስብስትያኖስ፣ አብዬ፣ አምሃ ኢየሱስ፣ አስፋ ወሰን፣ ወሰን ሰገድ እያለ ይወርዳል። ሁሉም አባትና ልጅ ናቸው። ወሰን ሰገድ በ1805 ዓ.ም. ሲገደሉ ግን ነገሩን የወሰነችው እናት ናት። ታላቁ ልጅ በኩሬ አልጋ ወራሽ ሆኖ መርሐቤቴ ነበር። ታናሹ ሣህለ ሥላሴ ደግሞ በእናቱ በወይዘሮ ዘነበወርቅ ዘንድ ሰላ ድንጋይ ይማር ነበር። በኩሬ ከመርሐቤቴ ገስግሶ እስኪደርስ የእናቱ ወገን የሆኑት መንዞች ሣህለ ሥላሴን አነገሡት፤ በኩሬም ሲደርስ ታሰረ። የአንድ አባት ልጆች ነበሩ፤ የለያያቸው የእናት ወገን ነው። ዘር ከልጓም ይስባል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ዘነበወርቅ ከዚያ በኋላም ሰላ ድንጋይ ተቀምጠው አገር ያስተዳድሩ ነበር፤ በሣህለ ሥላሴ ዘመን ወደ ሸዋ የመጡት የውጭ አገር ሰዎችም ስለሳቸው ጽፈዋል።

የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ ዐፄ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ ናቸው። ከፀሐይ ጋር የተያያዘውን ሕልማቸውን ያልሰማ ሸዌ የለም። ከማን ወገን እንደተወለዱና በንጉሡ ቤት ምን እንደነበሩ ግን ተራኪው ሁሉ በየፊናው ይናገራል። የአባታቸውን ሰባት ትውልድ በቃሉ የሚወርድ ሰው የእናታቸው አባት ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ይንተባተባል።

ቀጥሎ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ አሉ። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ዙፋኑ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በሚወለዱት በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘር ጸንቶ እንደሚኖር ይደነግጋል። በሣህለ ሥላሴና በኃይለ ሥላሴ መካከል ያለችው ድልድይ ግን ሴት ናት። የሣህለ ሥላሴ ልጅ ወይዘሮ ተናኘወርቅ የመንዝ ዶባውን ባላባት ደጃዝማች ወልደ ሚካኤልን አግብተው ራስ መኰንንን ወለዱ፤ ራስ መኰንን ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ አባት ናቸው። ሕገ መንግሥቱ ቅድመ አያቱንም የልጅ ልጅ ልጁንም ሲጠራ ተናኘወርቅን በስም አላነሣም። ንጉሠ ነገሥቱ ግን አንዲት ሴት ልጃቸውን ተናኘወርቅ ብለው ሰይመዋል።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ የዳዊታችን ፋቂ ብቻውን እንዳልነበረ ገባን። የሱ ሥራ በቢላ ስለሆነ ዐይን ያየዋል፤ የሌላው በዝምታ የተሠራ ነው።

አንድ ሰው፣ ሁለት ስም

አሁን ወደ ሳጥናችን እንመለስ። የአያታችን ደብተር የሴቲቱን ስም ሰጠን። ያ ግን የዓለም ስሟ ነው። ዳዊት ላይ የሚጻፈው ደግሞ የክርስትና ስም ነው። በሁለቱ መካከል ገደል አለ፤ ብዙ የዘር ፍለጋም የሚጠፋው እዚህ ገደል ውስጥ ነው።

ዐፄ ምኒልክ በክርስትና ስማቸው ሣህለ ማርያም ናቸው። እቴጌ ጣይቱ ወለተ ሚካኤል፣ ንግሥት ዘውዲቱ አስካለ ማርያም ናቸው። ኃይለ ሥላሴ የተፈሪ መኰንን የክርስትና ስም ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይም መጀመሪያ የሚጠሩት ገብረ መስቀል ተብለው ነበር። የነገሥታትና የታላላቆችን ሁለቱንም ስም የሚያስተሳስር ጸሐፊ ነበራቸው። የገበሬ ሚስትን ሁለት ስም የሚያውቁት ግን ያጠመቋት ቄስ፣ ንስሐ አባቷና የቤቷ ሰዎች ብቻ ናቸው። እነሱ ሲያልፉ በዳዊቱ ላይ ያለችው «ወለተ» እና በደብተሩ ላይ ያለችው ሴት ሁለት ሰው ይሆናሉ።

የባለ ዳዊቷ ዝክር

መሪጌታውን በሦስተኛው ቀን መልሰን ጠራናቸው። ቀትር ላይ ወደ ደጅ ወጥተው የተፋቀውን ቅጠል በፀሐይ ትይዩ ያዙት። ብራና ሲፋቅ ቀለሙ ይነሣል እንጂ የመቃው ጭረት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። መሪጌታው ዐይናቸውን አጥብበው «ወለተ» የሚለውን አነበቡ። ከሱ ቀጥሎ ያለው ስም ግን የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፊደል ብቻ ነው የሚታየው። ከታች ከእረፍቷ በኋላ መጽሐፉ ለልጇ እንዲሆን ትናገራለች።

እታባ ጋን እያጠቡ ነበር። ሥራቸውን ትተው መጡና «እስቲ ይድገሙልኝ» አሉ። መሪጌታው ሁለቱን ፊደሎች ነገሯቸው። እታባም መካከሉን ሞልተው ሙሉውን ስም ጠሩት።

ሁላችንም ደነገጥን። ከየት አመጡት?

ነገሩ እንዲህ ነው። እታባ በየዓመቱ ኅዳር 6 ቀን፣ በቍስቋም፣ ጠላ ጠምቀው፣ ዳቦ ጋግረው ጎረቤት ያበላሉ። እኛ እንደ ማንኛውም የማርያም ዝክር እናየው ነበር። እሳቸው ግን «የባለ ዳዊቷ ዝክር» ይሉታል። አደራው ከእናታቸው የመጣ ነው፤ እናታቸው ከአማታቸው ተቀበሉት፤ አማቲቱም ከሳቸው በፊት ከነበረችው። ቄሱ ጸሎት ሲያደርጉ አንድ የክርስትና ስም ይጠራሉ። እታባ ማን እንደሆነች አያውቁም ነበር፤ ዳዊት የምትደግም ደግ ሴት እንደነበረች ብቻ ነው የተነገራቸው። ስሟን ግን በየዓመቱ ይሰሙታል።

ሙሉውን ስም እዚህ አንጽፈውም፤ የቤተሰብ ነው። ነገር ግን አስቡት። ስሟን ከብራና ላይ የፋቀ ሰው መጽሐፉን የኔ ወይም የአባቴ ብሎ አወረሰ። እኛም አመንነው። የሷን ስም ይዘው የቆዩት ከሌላ ቤት ተድረው የመጡ፣ በደም የማይዛመዷት ምራቶች ናቸው። አንዳቸውም ማንበብ አይችሉም ነበር። በጠላና በዳቦ ይዘውት ቆዩ።

ማን ፋቀው፣ ለምንስ ፋቀው? በዚያ ዘመን መጽሐፍ እጅ ሲለውጥ የቀድሞውን ስም ፍቆ የአዲሱን መጻፍ የተለመደ ነበር፤ በብዙ ብራናዎች ላይ ይታያል። ልጇ ደብተራው በእናቱ አደራ ተቀብሎ ስሙን አስጽፎ ይሆናል፤ ወይም ከሱ በኋላ የመጣ ሰው ሊያከብረው ብሎ ይሆናል። የሞተ ሰው ላይ አንፈርድም። እታባም «እሷ ይቅር ካለችው እኔ ምን አግብቶኝ» ብለዋል።

የአገር መጻሕፍት መንገድ

ከዚህ በኋላ «ይሸጥ» ስንል የነበርነው ሁለታችን አፋችንን ያዝን። ሆኖም ጉዳዩ የእኛ ቤት ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ትንሽ እንጨምር።

የብራና መጽሐፍ ውድ ነገር ነበር። የፍየልና የበግ ሌጦ ይነከራል፣ ይወጠራል፣ ይፋቃል፤ ቀለም ይበጠበጣል፣ መቃ ይቀረጻል፤ ጸሐፊው ወራት ይቀመጣል። አንዲት የገጠር ሴት ይህን አስጽፋ በአሞሌ ስትከፍል ጥሪቷን አውጥታበታለች ማለት ነው። የሚበዛው ብራና የካህናትና የመኳንንት ሥራ ይመስለናል፤ ነገር ግን በየመጽሐፉ መጨረሻ ያጻፉትና የሰጡት ሰዎች ስም ሲነበብ «ወለተ» እና «ዐመተ» የሚሉ ስሞች ብዙ ናቸው።

መጻሕፍቱ ግን ባሉበት አልቆዩም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ሲወድቅ ዐፄ ቴዎድሮስ ያሰባሰቧቸውን መጻሕፍት የእንግሊዝ ጦር ወሰደ፤ ወደ 350 የሚሆኑት ለንደን ገቡ። ከሸዋም በሣህለ ሥላሴ ዘመን የመጣው ሚስዮናዊ ክራፕፍ የሰበሰባቸው ብራናዎች ወደ አውሮፓ ሄደዋል። በየዋሻውና በየገዳሙ የተሸሸጉት ተረፉ።

ከዚሁ ከእኛ ደጋ ደግሞ መጻሕፍትን ለመመዝገብ የተነሡ ሰዎች ወጡ። መርሐቤቴ ደን ላይ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1904 ዓ.ም. በአገራችን የሚገኙ የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍትን ዝርዝር አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፍተው አወጡት። በእኛ ሳጥን ውስጥ የተገኘው «የሕይወት ታሪክ» የሰዎችን ታሪክ በየስማቸው ለሚመጣው ትውልድ ያስቀመጡበት ነው። አያታችን ከአንድ ሁለት ስም ሥር በእርሳስ አስምረዋል፤ ዘመድ ሲፈልጉ ይመስለናል። ኅሩይ የኢትዮጵያን ታሪክ ጽፈው በማሳተም ላይ ሳሉ የ1928ቱ ወረራ ደረሰና ሥራው ተቋረጠ፤ እሳቸውም በ1931 ዓ.ም. መግቢያ በእንግሊዝ አገር በስደት ዐረፉ። መጽሐፉ በ1999 ዓ.ም. ታተመ።

ሁለተኛው ሰው የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1960ዎቹ አጋማሽ የቤተ ክህነት፣ የባህል ሚኒስቴርና የአሜሪካ ተቋማት ተባብረው በየገዳሙና በየቤቱ ያሉ ብራናዎችን በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ። እስከ ሥራው ፍጻሜ ከ9000 በላይ መጻሕፍት ተነሥተዋል፤ ብዙዎቹ የሸዋ ናቸው። ፕሮፌሰር ጌታቸው በ1968 ዓ.ም. በጥይት ተመትተው ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ። በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው በሚኒሶታ የእነዚህን መጻሕፍት ዝርዝር ለብዙ ዓመታት ሠሩ። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ሥራቸው መጻሕፍትን ማንበብና ማስነበብ ነበር። እንደ እኛ ሳጥን ያሉት ግን ካሜራ ያልደረሰባቸው ብዙ ናቸው።

ምን ወሰንን?

አንደኛ፣ ዳዊቱን አልሸጥንም። የእታባ ጣሪያ ግን ያፈስ ነበርና «ታሪክ ነው» ብለን በዝናብ ልንተዋቸው አንችልም። ከማኅበራችን ቁጠባ በሦስታችን ስም ተበድረን ቆርቆሮውን አስለወጥን። ብድሩን በፈትል ገቢያችን በየወሩ እየከፈልን ነው። ማኅበሩ ባይኖር ዳዊቱ ዛሬ የት እንደሚሆን እናውቃለን።

ሁለተኛ፣ ሁሉንም ቅጠል በስልክ አነሣን፤ በሁለት ቦታ አስቀመጥን። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በግል እጅ እንዲቆይ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን መመዝገብ አለበት፣ ያለ ፈቃድም ከአገር አይወጣም። ስለዚህ እንዲመዘገብልን ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አመለከትን። እናንተም ቤት ብራና ካለ ከምድጃ ጢስና ከእርጥበት አርቁት፤ በላስቲክ አትጠቅልሉት፣ ውስጡ ያልበዋል። የተቀደደውን በፕላስተር አታጣብቁ። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ አይጥ በማይደርስበት ደረቅ ቦታ አስቀምጡት።

ሦስተኛ፣ የተፋቀውን ቦታ አልነካነውም። አንዳችን «እንመልስላት» ብላ ነበር፤ እታባ ግን «ውግዘቱ ለእኛም ነው» አሉ። በምትኩ በአዲስ ወረቀት ሁለቱን ስሞቿን፣ የልጇን ስም፣ የዝክሯን ቀንና ይህ እንዴት እንደታወቀ ጽፈን ማኅደሩ ውስጥ አኖርን።

አራተኛ፣ የአያታችንን ደብተር ቀጠልንበት። በ1967 የቆመው መስመር ላይ እናታችንን፣ እታባንና እኛን ጨመርን፤ የሁሉንም የዓለምና የክርስትና ስም ጎን ለጎን አደረግን። ከዚህ ዝርዝር አጠገብ የእታባን የመሬት ደብተር ስናስቀምጥ ሳቁ። በክልላችን ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ይዞታ ሲመዘገብ የባልና የሚስት ስም በአንድነት ይጻፋል፤ የእታባም ስም ከሟቹ ባለቤታቸው ስም ጎን ሰፍሯል። «ይሄን ማን ይፍቀው!» አሉ፤ መልሰው በባናው ጠቀለሉት።

እኅቶቻችን፣ የምንለምናችሁ ነገር ትንሽ ነው። ሁላችን የአባታችንን አባት ስም እናውቃለን፤ በየመታወቂያችን ተጽፏል። የእናታችሁን እናት እናት ስም የምታውቁ ስንት ናችሁ? እኛ ሦስታችን ከዚህ ጉዞ በፊት አናውቅም ነበር። በሚቀጥለው ወር ስብሰባ፣ ቡናው እስኪፈላ፣ እያንዳንዳችን የሦስት እናቶቻችንን ስም፣ የዓለሙንም የክርስትናውንም፣ ይዘን እንምጣ። የማታውቅ ካለች አክስቷን፣ አማቷን፣ ጎረቤት ያሉትን ትልልቅ ሴቶች ትጠይቅ። በቤታቸው የማን እንደሆነ ያልታወቀ ዝክር ካለም ቀኑን ትያዝ፤ የሚጠራውን ስም ቄሱን ትጠይቅ። ጸሐፊያችን ከቁጠባ መዝገቡ ኋላ ባሉት ባዶ ገጾች ላይ ለመመዝገብ ፈቃደኛ ሆናለች።

እታባ በመጪው ኅዳር 6 ሁላችሁንም ጠርተዋችኋል። ጠላው ከአሁኑ ታስቧል፤ ብርድ ልብስ ይዛችሁ ኑ ብለዋል።